ዘንገናን ከማለፊያ ወደ ማደሪያ፤ ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚደረግ የተራራ ጉዞ አሠራርና ለአዊ ዞን ያለው ፋይዳ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ወደሆነችው እንጅባራ ሊደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት በዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ ያልፋል። በባንጃ ወረዳ የሚገኘው ይህ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ዙሪያውን በደን ተከቦ ይገኛል። ወደ ክብ የተጠጋ ቅርጽ ያለው የሐይቁ ስፋት ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ በጥናት ተመልክቷል።

ሐይቁ በአውራ ጎዳና ዳር መገኘቱ ለጎብኚ ቅርብ አድርጎታል። ይኸው ቅርበት ግን ሌላ ገጽታ አለው። ተሽከርካሪውን አቁሞ ወደ ሐይቁ ጠርዝ የሚወጣ መንገደኛ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ጥቂት አረፍ ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። እንጅባራ ከባሕር ዳር የምትርቀው 118 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ እራቱን የሚበላውም ሆነ አልጋ የሚይዘው እዚያው ባሕር ዳር ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያለው አርሶ አደር ደኑን የመጠበቅ ኃላፊነት ሲኖርበት ከጎብኚው የሚያገኘው ጥቅም ግን እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

ለዚህ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ በሐይቁ ዳር ማረፊያ መገንባት የሚል ነው። ከልዩ ልዩ አገሮችና ከአማራ ክልል ከራሱ የተገኘው ልምድ የሚያመለክተው ግን ብቻውን የቆመ ማረፊያ አላፊ መንገደኛን ለማስቆም በቂ አለመሆኑን ነው። ጎብኚ የሚያድረው በማግስቱ የሚሄድበት መንገድ፣ በመንገዱም መጨረሻ የሚጠብቀው ሌላ ማደሪያ ሲኖር ነው። ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚደረግ የእግር ጉዞ የሚባለው አሠራር መሠረተ ሐሳብም ይኸው ነው።

አሠራሩ ምንድን ነው?

ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚደረግ ጉዞ ተጓዡ ድንኳንና የምግብ ማብሰያ ሳይሸከም፣ በየአንዳንዱ ቀን ጉዞ መጨረሻ ላይ በተዘጋጀ ማደሪያ እያረፈ፣ የተራራ ሰንሰለትን በእግሩ የሚያቋርጥበት የጉብኝት ዓይነት ነው። ጎጆዎቹ የሚራራቁት አንድ ጤነኛ ሰው ከ5 እስከ 7 ሰዓት በሚሸፍነው መንገድ ልክ ነው። በመካከላቸው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚያሻግር ከፍተኛ መተላለፊያ ይኖራል።

የአገራችን ደጋ ነዋሪ ይህን መተላለፊያ «በር» ይለዋል። በሸዋ የጣርማ በር፣ በሰሜን ተራሮች የሳንቃበር ስያሜዎች ይህንኑ ቃል ይዘው ይገኛሉ። እንጅባራ ራሷ ቀደም ሲል የምትታወቅበት ኮሶበር የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። ነጋዴው፣ መነኩሴውና ገበያተኛው ለዘመናት በእነዚህ በሮች ሲመላለሱ ኖረዋል። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» እየተባለ ሲስተናገድ የኖረበት ባህልም ለአሠራሩ ባዕድ አይደለም። አዲሱ ነገር መስተንግዶው በክፍያ፣ በተራና በደንብ መመራቱ ነው።

በዓለም ላይ አሠራሩ በሦስት ዓይነት የባለቤትነት መልክ ይታወቃል። የመጀመሪያው የአውሮፓ አልፕስ ተራሮች ልምድ ነው። የኦስትሪያ የተራራ ክበብ እ.ኤ.አ. በ1862፣ የስዊዘርላንድ በ1863፣ የጀርመን ደግሞ በ1869 የተመሠረቱ ሲሆን፣ በአባላት መዋጮ በየከፍታው ጎጆዎችን ሠርተው በጎጆ ኃላፊ ያስተዳድራሉ። ከፈረንሳይ ሻሞኒ ተነስቶ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜርማት የሚደርሰው ታዋቂ መንገድ የሚተላለፈው በእንዲህ ያሉ ጎጆዎች ነው።

ሁለተኛው የኔፓል ልምድ ነው። በዚያ ማደሪያዎቹ የመንደር ቤተሰቦች ንብረት ሲሆኑ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 5 ሺህ 416 ሜትር ከፍታ ያለውን የቶሮንግ መተላለፊያ የሚያቋርጡ ተጓዦች በእነዚሁ ቤቶች ያድራሉ። የጎብኚው ቁጥር ሲጨምር የማገዶ ፍላጎት ደኑን ማመናመን በመጀመሩ እ.ኤ.አ. በ1986 የአናፑርና ጥበቃ ፕሮጀክት ተቋቋመ። ፕሮጀክቱ ከጎብኚዎች የሚሰበሰበውን የመግቢያ ክፍያ ለጥበቃና ለአካባቢ ልማት እንዲውል ከማድረጉም በላይ፣ የማደሪያ ባለቤቶች በኮሚቴ ተደራጅተው የዋጋ ዝርዝር እንዲወስኑ፣ በከፍተኛ ቦታዎችም በእንጨት ፋንታ ሌላ ማገዶ እንዲጠቀሙ አድርጓል።

ሦስተኛው ጎጆው የግለሰብም ሆነ የሩቅ ክበብ ሳይሆን የቀበሌው ሕዝብ የጋራ ንብረት የሚሆንበት መልክ ነው። የዚህ ምሳሌ የሚገኘው በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ዞን በመቄት ወረዳ ነው።

የመቄት ልምድ

መቄት ከላሊበላ በስተደቡብ የሚገኝ፣ ጠርዙ ገደላማ የሆነ ደጋ ወረዳ ሲሆን፣ በተደጋጋሚ የምግብ እጥረት ሲጠቃ የቆየ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 «ተስፋ» በሚል ምኅጻረ ስም በሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ፕሮግራም የመጀመሪያው የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ጀመረ። ለጅማሮው ሴቭ ዘ ችልድረን ዩኬ ድጋፍ ሰጥቷል። ከዚያም በሌሎች ቀበሌዎች ተጨማሪ ማረፊያዎች እየተሠሩ አንዱ ከሌላው በእግር መንገድ ተያያዙ። አሠራሩ በኋላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢና ወደ ትግራይ ክልል ሊስፋፋ ችሏል።

ማረፊያዎቹ የተሠሩት በአካባቢው ግንበኞች፣ በአካባቢው ድንጋይ፣ እንጨትና ሣር፣ በአካባቢው ጎጆ ቅርጽ ነው። ጥቂት የመኝታ ጎጆዎች፣ አንድ የመመገቢያ ጎጆ፣ ማእድ ቤትና ከቤቶቹ ራቅ ያለ ደረቅ መጸዳጃ ያሏቸው ናቸው። በአንድ ሌሊት የሚስተናገደው የእንግዳ ቁጥር ሆን ተብሎ አነስተኛ እንዲሆን ተደርጓል። ምግቡ ሽሮ፣ ዳቦ፣ እንጀራና ሌላው የአካባቢው ምርት በመሆኑ ለእንግዳው የሚወጣው የምግብ ወጪ ወደ ሩቅ ገበያ ሳይሄድ እዚያው ይቀራል።

ከመቄት ልምድ በተለይ ትኩረት የሚሹት ሦስት ነጥቦች ናቸው። አንደኛው፣ እንግዳው የሚመዘገበውና የሚከፍለው በአንድ ማዕከላዊ ቦታ አስቀድሞ በመሆኑ በየመንደሩ የዋጋ ክርክርም ሆነ የእንግዳ ሽሚያ እንዳይኖር ማድረጉ ነው። ሁለተኛው፣ ሻንጣ የሚጭኑ የአህያ ባለቤቶች በተራ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ሦስተኛው፣ ከገቢው ለሠራተኛው ከሚከፈለው በተጨማሪ ለሕዝቡ የጋራ ጥቅም የሚውል ድርሻ መኖሩ ነው። ስለሆነም ከማረፊያው ጋር ቀጥተኛ የሥራ ግንኙነት የሌለው ነዋሪም እንግዳውን እንደ ራሱ እንግዳ እንዲያይ ምክንያት አግኝቷል።

የአንድ ቀን ጉዞ ምን ይመስላል?

የአንድን ቀን ጉዞ ዝርዝር መመልከት አሠራሩ ስንት እጅ እንደሚጠይቅ ለመረዳት ያግዛል። ከፍተኛ መተላለፊያ ለሚያቋርጥ ጉዞ በአገራችን የሚጠቀሰው ዋነኛ ምሳሌ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጨነቅ በቧሂት በኩል ወደ አምቢኮ የሚወስደው መንገድ ነው። በዚህ መስመር በርካታ ተጓዦች የሚያድሩት በድንኳን ቢሆንም የቀኑ አካሄድ ከጎጆ ጉዞ ጋር ተመሳሳይ ነው።

ጨነቅ 3 ሺህ 620 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ተጓዡ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ቁርሱን ይበላል፤ 1 ሰዓት ሲሆን ጉዞ ይጀምራል። ማለዳ መነሳት የሚያስፈልገው በተራራ ላይ ደመናና ዝናብ የሚበረታው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ በመሆኑ ነው። በመሆኑም የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ከእኩለ ቀን በፊት መታለፍ ይኖርበታል። ከጨነቅ በላይ ባሉት ገደሎች ዋልያ፣ በሣር ሜዳው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት የተለመደ ነው።

600 ሜትር ያህል ሽቅብ ከተወጣ በኋላ 4 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የቧሂት መተላለፊያ ይደረሳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ እርምጃው አዝጋሚ፣ ዕረፍቱ ተደጋጋሚ እንዲሆን መንገድ መሪው ይቆጣጠራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ሚዛን መሳት የታየበት ሰው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም፤ ፈጥኖ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ይኖርበታል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በየሌሊቱ የሚታደርበት ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ጎጆዎች የት የት ይሠሩ ለሚለው ጥያቄ ይህ ልክ ከገጽታ ውበት ቀድሞ መታየት ያለበት መመዘኛ ነው።

ከመተላለፊያው ቁልቁል ወደ መሸሃ ወንዝ ሲወረድ ከፍታው ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ዝቅ ይላል። መንገዱ በገብስ ማሳዎችና በመንደሮች መካከል ያልፋል። ተጓዡ ምሳውን የሚበላው፣ ቡና የሚጠጣው በዚህ መካከል ነው። ከወንዙ ማዶ እንደገና 400 ሜትር ያህል ወጥቶ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው አምቢኮ ሲደርስ ቀኑ ወደ ማብቂያው ይቃረባል። ከዚህ ተነስቶ በማግስቱ ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ራስ ዳሽን መውጣት ይቻላል።

ለአንድ ቀን ጉዞ መንገድ መሪ፣ የፓርኩ ጥበቃ አባል፣ ወጥ ሠሪ፣ የበቅሎ ባለቤትና የበቅሎ ነጂ ይሰማራሉ። በደባርቅ መንገድ መሪዎች፣ ወጥ ሠሪዎችና የጋማ ከብት ባለቤቶች በየማኅበራቸው ተደራጅተው በተራ የሚሠሩበት ልምድ አለ። በተደራጀ የጎጆ ጉዞ ደግሞ ወጥ ሠሪው በየጎጆው ስለሚገኝ ከቦታ ቦታ መጓጓዝ አያስፈልገውም። ጫኙም እስከ ቀጣዩ ጎጆ ብቻ ተጉዞ ሻንጣውን ለተረኛው አስረክቦ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ሥራው የሚከፋፈለው በአንድ ከተማ ነዋሪዎች መካከል ሳይሆን በመንገዱ ላይ ባሉት ቀበሌዎች ሁሉ ይሆናል ማለት ነው።

የሁለተኛው ሌሊት ዋጋ

የዚህን ልዩነት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። 4 ጎብኚዎች ዘንገናን ለአንድ ሰዓት ተመልክተው ቢሄዱ አካባቢው የሚያገኘው የመግቢያ ክፍያና ምናልባት የ4 ስኒ ቡና ዋጋ ነው። እነዚሁ 4 ሰዎች በ3 ልዩ ልዩ ቀበሌዎች 3 ሌሊት ቢያድሩ 12 የአዳር ክፍያ፣ 12 እራትና 12 ቁርስ ይገኛል። በዚህ ላይ የ4 ቀናት የመንገድ መሪ አበልና የጭነት ክፍያ ይጨመራል። ዶሮው፣ ድንቹ፣ ማሩና ገብሱ የሚገዛው ከአካባቢው ከሆነ ከዚህም በላይ በርካታ ቤተሰቦች ተጠቃሚ ይሆናሉ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የጎብኚውን ቁጥር ከመጨመር በፊት የቆይታውን ጊዜ ማራዘም እንደሚቻል ነው። ጥቂት ጎብኚዎች ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆዩ በደንና በሐይቅ ላይ የሚያደርሱት ጫና ብዙዎች ለአንድ ሰዓት ሲተላለፉበት ከሚደርሰው የበለጠ ላይሆን ይችላል። የሚተዉት ገንዘብ ግን በእጅጉ የላቀ ነው።

አዊ ምን ይዟል?

አዊ እንደ ሰሜን ተራሮች ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚዘልቅ መተላለፊያ የለውም። በአንጻሩ የዞኑ መልክዓ ምድር ከባንጃ ደጋ እስከ ጃዊ ቆላ ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን፣ በደጋው ክፍል ያለው ከፍታ ለከፍታ ሕመም ብዙም የማያጋልጥ፣ ለእግር ጉዞ ተስማሚ ነው። ከዘንገና በተጨማሪ ጥርባ የተባለ ሌላ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በዞኑ ይገኛል። ከዞኑ በስተምሥራቅ በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ ደግሞ የዓባይ ወንዝ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይ አለ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 የደረሱበት ይህ ሥፍራ ለጻድቁ አቡነ ዘርአ ብሩክ መታሰቢያነትና ለጠበሉ ሲሉ ምእመናን በብዛት የሚሄዱበት ነው። ሁለቱን ሐይቆች ከግሽ ዓባይ ጋር በበርካታ ቀናት የእግር መንገድ ማገናኘት በሚመለከታቸው አካላት ሊጠና የሚገባው አማራጭ ነው። መንገዱ ሁለት ዞኖችን የሚያቋርጥ በመሆኑም ከጅምሩ የጋራ ዕቅድ ይጠይቃል።

አካባቢው ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ሀብትም አለው፤ እርሱም ፈረስ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላትን ያቀፈ ሲሆን፣ ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን ያከብራል። በዓሉ በአድዋ ድል የፈረሶች ሚና የሚዘከርበት ነው። በመቄት ሻንጣ የሚጭነው አህያ፣ በሰሜን ተራሮች በቅሎ ሲሆን፣ በአዊ ፈረስ ለጭነትም ለግልቢያም ሊቀርብ ይችላል። አባላቱን በሥርዓትና በመተዳደሪያ ደንብ ሲመራ የኖረ ማኅበር መኖሩ ተራ ለማስከበርና የእንስሳቱን ደኅንነት ለመቆጣጠር ጥሩ መሠረት ይሆናል።

የእሳተ ገሞራ ሐይቅና ፈረስ ተቀናጅተው ጥቅም የሰጡበት የቅርብ ምሳሌ በኦሮሚያ ክልል የሚገኘው ወንጪ ነው። በወንጪ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ጎብኚዎችን በመምራት፣ ፈረስና ጀልባ በማከራየት ለዓመታት ሠርተዋል። ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተካተቱት ሥፍራዎች አንዱ ከመሆኑም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኘው የጮቄ ተራራ የሥነ-ምህዳር መንደር ይኸው እውቅና ተሰጥቶታል።

ጉዳዩን አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላው ምክንያት የአርሶ አደሩ የገቢ ምንጭ ነው። በባንጃና በአካባቢው ያለው አፈር በአሲዳማነት የተጠቃ በመሆኑ የሰብል ምርታማነት ዝቅተኛ ሆኖ ቆይቷል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ያሉ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ተክለው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለከሰል በማድረስ ኑሯቸውን ሲያሻሽሉ፣ የተራቆተውም መሬት በዛፍ ሲሸፈን ቆይቷል። ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተክሉ ላይ የተከሰተው የዝገት በሽታ በአንድ ምርት ላይ ብቻ መደገፍ የሚያስከትለውን አደጋ በተጨባጭ አሳይቷል። የእግር ጉዞ ቱሪዝም የከሰልን ገቢ ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም። ነገር ግን ለአንድ ቤተሰብ ተጨማሪ መደገፊያ ሊሆን፣ የቆመ ደንም ከተቆረጠው የማያንስ ጥቅም እንዳለው ሊያሳይ ይችላል።

ከግንባታ በፊት የሚቀድሙ ተግባራት

በየደረጃው ያሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ሥራ ላይ ያላቸው ድርሻ ከፍተኛ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። በጀት ሲገኝ በቅድሚያ ሕንፃ ይሠራል፤ ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ ማን ያስተዳድረው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በጎጆ ጉዞ አሠራር ግን ግንባታ የመጨረሻው ተግባር ነው።

በቅድሚያ የሚመጣው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ማረፊያው የቀበሌው ሕዝብ የጋራ ንብረት የሚሆን ከሆነ ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል ያስፈልጋል። ለዚህም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማዕቀፍ ይሰጣል። ማረፊያው የሚያርፍበት መሬት የወል ይዞታ ከሆነ በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ መሠረት ተለክቶ ለማኅበሩ መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህ ሳይሆን ገቢ መምጣት ከጀመረ የይዞታ ክርክር መነሳቱ አይቀርም።

ቀጥሎ የሚመጣው የገቢ ክፍፍል ደንብ ነው። ለሠራተኛ፣ ለጥገና፣ ለማኅበሩ አባላትና ለጋራ ልማት የሚውለው ድርሻ የመጀመሪያው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሴቶች በወጥ ቤት ብቻ ሳይወሰኑ በገንዘብ ያዥነትና በመንገድ መሪነት የሚሳተፉበት ድንጋጌም በዚሁ ደንብ መካተት ይኖርበታል።

ሦስተኛው የአካባቢ ጥበቃ ነው። እንደ ዘንገና ያለ ሐይቅ በጉድጓዱ ጠርዝ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ የሚወርድበት በመሆኑ፣ ማረፊያም ሆነ መጸዳጃ መሠራት ያለበት ከጠርዙ ውጭ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ማገዶም ከሐይቁ ዙሪያ ደን ሳይሆን አርሶ አደሩ በማሳው ካለማው ዛፍ መገዛት አለበት። የኔፓል ልምድ እንደሚያስረዳው እንዲህ ያለው ደንብ ደኑ ከተመናመነ በኋላ ሲወጣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

አራተኛው የሰው ኃይል ዝግጅት ነው። መንገድ መሪ የውጭ ቋንቋ ከመናገር ባሻገር የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ የአየር ጠባይና የአካባቢውን ታሪክ ማወቅ ይጠበቅበታል። አውንጊ ተናጋሪ የሆነ የአካባቢው ወጣት በዚህ ረገድ ከሌላ ቦታ ከሚመጣ ባለሙያ የሚበልጥበት ብዙ ነገር አለ። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ሥልጠናውን በቅርበት ለመስጠት ያስችላል። የአካባቢው ክረምት ረዥምና ዝናባማ በመሆኑም የጉዞው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ማዕከል ማድረግ ይኖርበታል። በቀሪዎቹ ወራት ሠራተኛው ወደ እርሻው የሚመለስበት አደረጃጀት ሥራውን ከግብርናው ጋር ያጣጥመዋል።

እነዚህ ሲሟሉ መንገዱ ተለክቶ ምልክት ይደረግበታል፤ የመመዝገቢያ ማዕከል ይከፈታል፤ ከዚያም ጎጆው ይሠራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከሁለት ጎጆዎች ባያንስ ይመረጣል። አንድ ጎጆ ማረፊያ እንጂ መንገድ አይሆንምና።

ሰላም፣ ቅድመ ሁኔታ

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የዚህ ዓይነቱ ቱሪዝም ለጸጥታ መታወክ እጅግ ተጋላጭ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በአውሮፕላን መጥቶ በከተማ ሆቴል ከሚያርፍ ጎብኚ ይልቅ በእግሩ ከቀበሌ ቀበሌ የሚያልፍ ተጓዥ መንገዱ ሁሉ ሰላም እንዲሆን ይፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. በአገሪቱ የተከሰተው የኮሮና ወረርሽኝ የጎብኚውን ፍሰት ገታ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ላሊበላና አካባቢው በቀጥታ ተጎዱ። ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ በአማራ ክልል የተፈጠረው ግጭት ደግሞ ጎጃምን ጨምሮ በክልሉ የሚደረገውን ጉዞ በእጅጉ አዳክሟል። ከጎብኚ በሚያገኙት ገቢ ሲተዳደሩ የነበሩ መንገድ መሪዎች፣ ወጥ ሠሪዎችና የበቅሎ ባለቤቶች ዋነኛ ተጎጂዎች ሆነዋል።

ይህ እውነታ ከአሠራሩ ጋር የተያያዘ አንድ ጥንቃቄ ያስገነዝባል። የትኛውም ቀበሌ ሕልውናውን በእንግዳ ላይ ብቻ መመሥረት አይገባውም። በእርሻው ጸንቶ የሚኖር፣ እንግዳ ሲመጣ ተጨማሪ የሚያገኝ፣ ሲቀር የማይራብ ቤተሰብ ነው የአሠራሩ መሠረት መሆን ያለበት። ጎጆዎቹ በአካባቢው ቁሳቁስና ሙያ በዝቅተኛ ወጪ እንዲሠሩ የሚመከረውም በዕዳ የተሠራ ሕንፃ እንግዳ በጠፋ ጊዜ ማኅበሩን የሚያፈርስ በመሆኑ ነው።

ዛሬ ጎብኚ ባይበዛም ጊዜውን ለዝግጅት መጠቀም ይቻላል። የወል መሬት መለካት፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ፣ ነባር የእግር መንገዶችን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር መመዝገብና ወጣቶችን ማሠልጠን ጎብኚ እስኪመጣ የሚጠብቁ ሥራዎች አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ተጓዦችም የግድ ከውጭ አገር መምጣት አይኖርባቸውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሚኖሩ ሠራተኞች፣ ወደ ግሽ ዓባይ የሚሄዱ ምእመናንና ለጥር 23 በዓል ወደ እንጅባራ የሚመጡ እንግዶች ለአሠራሩ መለማመጃ የሚሆኑ፣ አገሩንም የሚያውቁ ደንበኞች ናቸው።

ለባንጃ ወረዳና ለአዊ ዞን የባህልና ቱሪዝም፣ የኅብረት ሥራ፣ የመሬት አስተዳደርና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጥያቄው በዘንገና ዳር ምን እንሥራ ከሚለው ይልቅ ከዘንገና የሚነሳ ሰው በማግስቱ የት ይደር የሚለው ሊሆን ይገባል። የዚህ መልስ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ባለመሆኑ፣ አራቱም ዘርፎች በአንድ ላይ ተቀምጠው ከመንገዱ ቀበሌዎች ሕዝብ ጋር ሊመክሩበት ይገባል።